ባለ ሰምና ወርቅ መስቀለኛ ቃላት አፈታት፦ ከመጀመሪያው ፍንጭ እስከ መጨረሻው ሳጥን

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ በእጄ ያዘጋጀሁትን መስቀለኛ ቃላት እለጥፋለሁ። ፍንጮቹ እንደ ተራው መስቀለኛ ቃላት ትርጉም ብቻ የሚጠይቁ አይደሉም፤ እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ አላቸው። ሉሁን ቆመው የሚያነቡት፣ ተማሪውም ጡረተኛውም፣ ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ መልሱን ሲነግሩኝ ይገባኛል፤ ራሴ ስሞክር ግን ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል።» ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። በቅደም ተከተል ከተከተሉት የመጀመሪያውን ሉህ ያለ ማንም እርዳታ ግማሽ ያህሉን መሙላት ይችላሉ።

በቅድሚያ የሁለቱን ፍንጮች ልዩነት ይመልከቱ። ተራው ፍንጭ «ልብስ የሚበላ ነፍሳት (2)» ይላል፤ መልሱ «ብል» ነው። ባለ ሰምና ወርቁ ደግሞ «ልብ ሲገለበጥ ልብስ በላ (2)» ይላል፤ መልሱ ያው «ብል» ነው። በቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር የሳጥኖቹን ብዛት ይነግራል። በሁለተኛው ፍንጭ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ሰሙ ነው፤ ይኸውም ዓረፍተ ነገሩ ሲነበብ በአእምሮ የሚመጣው ሥዕል ነው። ሁለተኛው ፍቺው ነው፤ «ልብስ በላ» የሚለው መልሱን በትርጉም ይጠቁማል። ሦስተኛው ግንባታው ነው፤ «ልብ ሲገለበጥ» የሚለው መልሱን ፊደል በፊደል ይሠራል፦ ል-ብ ወደ ኋላ ሲነበብ ብ-ል ይሆናል። ወርቁ ፍቺውና ግንባታው የሚገናኙበት ቃል ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ስለ መያዝ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ። እስክሪብቶ በመጀመሪያው ዙር ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ ምክንያቱን ደረጃ 5 ላይ ያገኙታል።
- ፊደል ለመገልበጥና ለመበወዝ የሚሆን ባዶ ወረቀት።
- ከግዕዝ እስከ ሳብዕ የተዘረዘረ የፊደል ገበታ። በቃሌ አውቀዋለሁ የሚል ሰው እንኳ ከፊቱ ቢያስቀምጠው ይጠቀማል፤ ብዙ ፍንጮች «ካዕብ»፣ «ራብዕ»፣ «ሳድስ» እያሉ ያዛሉና።
- አንድ መዝገበ ቃላት። የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ለቆዩ ቃላት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም የተደረደረው በአበገደ ተራ እንጂ በሀለሐመ ስላልሆነ፣ ተራውን ሳያውቁ የሚገልጡት ሰዎች «ቃሉ የለም» ብለው ይዘጉታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም. ያሳተመው አማርኛ መዝገበ ቃላትም ይረዳል።
- የአካባቢ ስሞች የተመዘገቡበት አንድ ገጽ፦ ከዚራ፣ መጋላ፣ ሳቢያን፣ ደቻቱ፣ ለገሃሬ፣ ጀጎል፣ ሸዋበር። በዚህ አገር ፍንጭ የሚያወጣ ሰው እነዚህን ሳይነካ አያልፍም።

ደረጃ 1፦ ሳጥኑንና የአጻጻፉን ሕግ ይወቁ

አንድ ሳጥን አንድ ፊደል ይይዛል፤ ፊደሉም ከነድምፁ ነው። «ባቡር» ሦስት ሳጥን ይፈልጋል፦ ባ፣ ቡ፣ ር። «ቋ» ወይም «ሏ» እንደ አንድ ፊደል ይቆጠራሉ። ይህን መቁጠር የሚያስፈልገው ግንባታው የሚንቀሳቀሰው በሙሉ ፊደል እንጂ በተነጠለ ድምፅ ስላልሆነ ነው።

ቀጥሎ አዘጋጁ ሞክሼ ፊደላትን እንዴት እንደሚይዝ ከሉሁ ራስጌ ያንብቡ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ አንድ ናቸው የሚል አዘጋጅ አለ፤ ለያይቶ የሚይዝም አለ። ለያይቶ በሚይዝ ሉህ ላይ «ሰረቀ» ሌባ ነው፣ «ሠረቀ» ደግሞ የፀሐይ መውጣት ነው፤ «መሀረ» አስተማረ፣ «መሐረ» ይቅር አለ ማለት ነው። ይህን ሳያጣሩ ከጀመሩ አንድ የተሳሳተ ፊደል የሚያቋርጠውን ቃል ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ሉሁ ምንም ካልተናገረ አንድ አድርጎ እንደሚይዛቸው ይቁጠሩ።

ደረጃ 2፦ ሰሙን አንድ ጊዜ አንብበው ይተዉት

ፍንጩን እንደ ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ያንብቡ፤ ከዚያ ሥዕሉን ከአእምሮዎ አውጥተው እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ይመልከቱ። ይህን ፍንጭ እንውሰድ፦

«ሰላም ራሷን ብትስት ወተት ሰጠች (2)»

ሲያነቡት ሰላም የምትባል ሴት ራሷን ስታ ስትወድቅ ይታይዎታል። አዘጋጁ የፈለገውም ይህንኑ ነው። አሁን ግን ሴትዮዋን ይርሷት። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፤ «ራሷን ብትስት» ማለት ራሷን፣ ማለትም የመጀመሪያ ፊደሏን ብታጣ ማለት ነው፤ ሰ ሲወድቅ «ላም» ይቀራል። «ወተት ሰጠች» ፍቺው ነው።

ይህ ደረጃ ብዙ ሰዎች የሚሰናከሉበት ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ ሰምን ለመሸፈን የተመቸ ቋንቋ ነው። ራስ መሳት፣ ልብ መስጠት፣ እግር ማብዛት፣ ሆድ መባስ የመሳሰሉት ፈሊጦች የአካል ስም ይዘዋል፤ የአካል ስሞች ደግሞ በዚህ ጨዋታ የፊደል ቦታ ስሞች ናቸው። ስለዚህ በፍንጭ ውስጥ ራስ፣ አንገት፣ ልብ፣ ሆድ፣ ወገብ፣ እግር ወይም ጅራት ባዩ ቁጥር በመጀመሪያ የፊደል ቦታ መሆኑን ይጠርጥሩ፤ ፈሊጡን በኋላ ያስቡበታል።

ደረጃ 3፦ ፍቺው የትኛው ጫፍ ላይ እንዳለ ይለዩ

ፍቺ በፍንጩ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ መካከል አይገባም። ይህ ሕግ ይህን ዓይነት ጨዋታ ካስፋፉት የእንግሊዝ ጋዜጦች የመጣ ሲሆን በአማርኛም ይሠራል። ሆኖም አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ ፍቺው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በስተመጨረሻ ነው። ስለዚህ ፍለጋዎን ከመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ይጀምሩ።

እዚህ ላይ የአማርኛ ግስ ትልቅ ሥጦታ አለው። ግሱ ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝ «ወተት ሰጠች» ብቻውን «ወተት የሰጠችው እሷ» ይላል፤ «ች»ም መልሱ በሴት አንቀጽ የሚጠራ መሆኑን ይነግራል። «ልብስ በላ» ሲል ደግሞ ወንድ አንቀጽ ነው። በልጅነታችን «እንቆቅልሽ፣ ምን አውቅልሽ» እያልን የተጫወትነው ጨዋታ ነገሩን በሥራው እንጂ በስሙ አይጠራውም ነበር፤ የፍቺው አሠራር ከዚያ የተለየ አይደለም። ፍቺው በኃላፊ ጊዜ ግስ ከሆነ መልሱ ወይ ያንን የሚያደርግ ነገር ነው፣ ወይ ራሱ በዚያው ጊዜና በዚያው መደብ ያለ ግስ ነው። «በለጠ» ፍቺ ከሆነ «ላቀ» መልስ ይሆናል፤ «ይልቃል» ግን አይሆንም።

ደረጃ 4፦ ጠቋሚውን ቃል ይፈልጉና የግንባታውን ዓይነት ይወስኑ

ፍቺውን ከለዩ የቀረው ግንባታ ነው። በግንባታው ውስጥ ሁለት ነገር አለ፦ የሚሠራበት ቃል፣ እና በቃሉ ላይ ምን እንደሚደረግ የሚያዝ ጠቋሚ። በዚህ ደረጃ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ጨዋታው ያለው እዚህ ነውና።

መገልበጥ። ጠቋሚዎቹ «ሲገለበጥ»፣ «ሲዞር»፣ «ወደ ኋላ»፣ «ሲመለስ» ናቸው። «ቀላ ተገልብጦ በለጠ (2)» ቢል ቀ-ላ ተገልብጦ «ላቀ» ይሆናል። «ብር ቢገለበጥ ጣና ይገባል (2)» ቢል መልሱ «ርብ» ነው፤ የርብ ወንዝ ወደ ጣና ሐይቅ ይፈስሳልና። በአማርኛ መገልበጥ ይህን ያህል የበዛው በአጋጣሚ አይደለም። ሰማ፣ ቀላ፣ ቀና፣ ጠላ የመሳሰሉት ባለ ሁለት ፊደል ግሶች ግዕዝና ራብዕ ናቸው፤ ማሰ፣ ላቀ፣ ናቀ፣ ላጠ ደግሞ ራብዕና ግዕዝ ናቸው። አንዱን ሲገለብጡ የሌላው ቅርጽ ይወጣል። ስለዚህ ባለ ሁለት ሳጥን ግስ ሲገጥምዎ፣ ጠቋሚ ባይታይዎ እንኳ፣ ገልብጠው ይሞክሩት።

መበወዝ። ጠቋሚዎቹ «ሲታመስ»፣ «ሲናወጥ»፣ «ሲደባለቅ»፣ «ተበታትኖ» ናቸው። «ፈረደ ቢታመስ ፀሐይዋ ከፍ አለች (3)» መልሱ «ረፈደ» ነው። ባለ ሦስት ፊደል ግስ በሩቅ ወንድ ኃላፊ ሲነገር ብዙውን ጊዜ ሦስቱም ፊደሎቹ ግዕዝ ስለሆኑ ቦታ ቢለዋወጡም ግስ የመምሰል ዕድላቸው ሰፊ ነው፦ ለበሰ፣ በሰለ፣ ሰለበ፤ ከረመ፣ መከረ፣ ከመረ፤ ቀበረ፣ ቀረበ። ሦስት ፊደል ስድስት አደራደር ብቻ ስላለው ሁሉንም በወረቀት ላይ ይጻፏቸው፤ በአእምሮ ብቻ ሲሞከር አንዱ ሁልጊዜ ይዘለላል። «ፈረደ» ራሱ «ደፈረ»ንም ይሰጣል፤ ከሁለቱ የሚመርጠው ፍቺው ነው።

ማስገባት። ጠቋሚዎቹ «ውስጥ»፣ «መካከል»፣ «ሲዋጥ»፣ «ሲጠቀለል» ናቸው። «የረዳት ራስ ሐር ውስጥ ሲጠቀለል በጥንቱ ግንብ አምስት በር ያላት ትሆናለች (3)» ቢል ረ በ«ሐ» እና በ«ር» መካከል ገብቶ «ሐረር» ይሆናል። «ባር ውስጥ የቡና ራስ ሲገባ ከጅቡቲ በኩል ፉጨት ተሰማ (3)» ደግሞ «ባቡር» ነው።

መቀጠል። ሁለት ቁራጮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። «የጀግና ራስ ጎል ላይ ሲደርስ ከተማዋን ያጥራል (3)» መልሱ «ጀጎል»፣ የሐረር ግንብ፣ ነው። «ጁጎል» ብለው የሚጽፉም አሉ፤ ግንባታው ግን ጀ ስለሚሰጥ በዚህ ሉህ ላይ ሌላው አይሄድም። ከሁለት አጻጻፍ አንዱን መምረጥ ሲኖርብዎ ሁልጊዜ ግንባታውን ይመኑ፤ ልማድዎን አይመኑ።

መደበቅ። መልሱ በሁለት ቃላት መጋጠሚያ ላይ ተኝቶ ይገኛል። «ውሻ ይጮኻል፤ መሃሉ ላይ ትኩስ ነገር ተቀድቷል (2)» ሲል «ሻ ይ» ላይ ጣትዎን ያሳርፉ። «መንገድ ሬዲዮ ውስጥ የደበቃት የበረሃዋ ከተማ፣ በቁልምጫ (2)» ደግሞ «ድሬ» ናት። ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው፤ መልሱ ከፊትዎ ተጽፎ አለና። ነገር ግን ዓይናችን ቃላትን በክፍተታቸው ስለሚለይ አይታይም። መፍትሔው ቃላቱን ያለ ክፍተት መጻፍ ነው፦ ውሻይጮኻል።

ድምፅ መለወጥ። ይህ ከፊደላችን ባሕርይ የመጣ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ራሱ ካዕብ ቢሆን ግን አንበሳ ያኖራል (2)» ቢል የ«ድር» ራስ ድ ወደ ካዕብ ይለወጥና «ዱር» ይሆናል። እዚህ ላይ ገበታውን ይክፈቱ፤ «ኃምስ» እና «ሳድስ» በቃል ሲታሰቡ በቀላሉ ይምታታሉ። «ግዕዝ» የሚለው ቃልም ሁለት ሥራ እንዳለው ያስታውሱ፦ የቋንቋው ስም ነው፤ የመጀመሪያው ድምፅ ስምም ነው። በፍንጭ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው።

ማጥበቅና ማላላት። ጽሕፈታችን የጠበቀውን ከላላው ስለማይለይ አንድ ጽሕፈት ሁለት ቃል ይሆናል። በዚህ ጊዜ ግንባታ የለም፤ ሁለት ፍቺዎች ብቻ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። «ተናገረ፤ አልሞተም (2)» መልሱ «አለ» ነው፤ ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ በሕይወት ይገኛል። «ጫካ ገባ ቢሉኝ ቆዳዬ ላይ ወጣ (3)» መልሱ «ሽፍታ» ነው። ፍንጩ አጭር ከሆነና ምንም ጠቋሚ ካላዩበት ይህን ይጠርጥሩ፤ ያሰቡትንም ቃል አንድ ጊዜ አጥብቀው፣ አንድ ጊዜ አላልተው ድምፅ አውጥተው ይናገሩት። በዓይን ማንበብ ብቻውን አይበቃም።

የተቀላቀለ ግንባታም አለ። «ከዚህ ጅራቱን ጥለህ፣ ከራስ ራሱን ይዘህ፣ የድሬዳዋ ዛፎች ጥላ ሥር ታርፋለህ (3)»። ከ«ከዚህ» የመጨረሻው ህ ሲወድቅ «ከዚ» ይቀራል፤ የ«ራስ» ራስ ራ ነው፤ ሲቀጠሉ «ከዚራ»። ልብ ይበሉ፦ በመጀመሪያው «ከዚህ» ውስጥ ያለው ከ የሚሠራበት ቃል አካል ነው፤ በ«ከራስ» ውስጥ ያለው ከ ግን መስተዋድድ ብቻ ነው። የ፣ በ፣ ለ፣ ከ ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ አንዳንዴ ጥሬ ዕቃ፣ አንዳንዴ ማያያዣ ይሆናሉ። ሁለቱንም መንገድ መሞከር ግዴታ ነው። መጨረሻ ላይ የሚጣበቀው «ን»ም እንዲሁ ነው፦ «ምክንያትን ብንጠይቅ የድሬዳዋ ሰፈር ነገሩን (4)» የሚለውን ፍንጭ «ምክንያት» ብቻ ብለው የያዙ ሰዎች «ሳቢያ» ላይ ቆመው ይቀራሉ፤ ን ሲጨመር ነው «ሳቢያን» የሚሆነው።

ደረጃ 5፦ በወረቀት ላይ ፊደል በፊደል ይሥሩት

የግንባታውን ዓይነት ከጠረጠሩ በሳጥኑ ላይ ሳይሆን በባዶው ወረቀት ላይ ይሥሩት። ምክንያቱን በራሴ ላይ የደረሰ ስሕተት ያስረዳል። ፍንጩ «ሰላም ወደ ኋላ ሄዶ…» ብሎ ይጀምር ነበር። እኔም በአእምሮዬ «ምላስ» አልኩና በእስክሪብቶ ጻፍኩት። ሰ-ላ-ም ሲገለበጥ ግን ም-ላ-ሰ ነው፤ የመጨረሻው ሰ እንጂ ስ አይደለም። ጆሮዬ ድምፁን አስተካክሎ ሰጠኝ፤ ፊደሉን ሳላይ አለፍኩ። ሁለት የሚያቋርጡ ቃላት ቀኑን ሙሉ እምቢ አሉኝ።

መልሱ «ምላስ» ቢሆን ኖሮ ፍንጩ እንዲህ ይል ነበር፦ «ሰላም ተገልብጣ ጅራቷ ሳድስ ቢሆን ነገር ታመላልሳለች (3)»። ሁለት ትእዛዝ አለ፤ መጀመሪያ መገልበጥ፣ ቀጥሎ የመጨረሻውን ፊደል ወደ ሳድስ መለወጥ። ሐቀኛ አዘጋጅ ለእያንዳንዱ ለውጥ ትእዛዝ ይሰጣል። ትእዛዝ ያልተሰጠበትን ለውጥ እርስዎ ከራስዎ አይጨምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ የውጭ ቋንቋ መስቀለኛ ቃላት የለመዱ ሰዎች ተነባቢውንና አናባቢውን ለያይተው ይበውዛሉ። በፊደላችን ይህ አይሠራም። «ላ» አንድ ድንጋይ ነው፤ ቦታው ይቀየራል እንጂ በሁለት አይሰነጠቅም።

ደረጃ 6፦ ማቋረጫዎችን ይጠቀሙ

አንድ መልስ ከገባ በኋላ ከእሱ ጋር ወደሚቋረጡት ይሂዱ፤ ከላይ ወደ ታች በቁጥር ቅደም ተከተል አይሂዱ። በአማርኛ አንድ የማቋረጫ ፊደል የሚሰጠው መረጃ ብዙ ነው፤ 33ቱ ፊደላት በ7ቱ ድምፆች ሲባዙ 231 ስለሚሆኑ፣ አንድ ሳጥን ሲሞላ ፊደሉም ድምፁም አብረው ይታወቃሉ። ይህን ትንሽ ቅንጭብ ይመልከቱ፦

ባ ቡ ር
■ ■ ብ ል

1 ወደ ጎን «ባቡር» ነው። ከመጨረሻው ር የሚወርደው 2 ወደ ታች «ብር ቢገለበጥ ጣና ይገባል» የሚለው ነው። መገልበጡን ረስቶ «ብር» የጻፈ ሰው ላይኛው ሳጥን ር ስላለበት ወዲያው ይያዛል። «ርብ» ሲገባ ብ ለ3 ወደ ጎን መነሻ ይሆናል፤ «ልብ ሲገለበጥ ልብስ በላ» ለሚለው ፍንጭ የሚሆነው መልስም በ ብ ስለሚጀምር «ብል» መሆኑ ይረጋገጣል። ሦስቱም ተደጋግፈው ቆሙ።

ከየት ልጀምር ለሚለው ጥያቄም መልሱ እዚህ ነው፦ መጀመሪያ የተደበቁትን ይፈልጉ፣ ቀጥሎ ባለ ሁለት ሳጥን መገልበጦችን፣ ከዚያ «ራስ» እና «ጅራት» ያለባቸውን። ረጃጅሞቹን ማቋረጫ ሳያገኙ አይንኩ።

ደረጃ 7፦ የቅኔና የሥነ ጽሑፍ ፍንጮች

አንዳንድ ፍንጭ በሁለት ስንኝ ይመጣና «ኅብሩን ጻፍ» ይላል። ኅብር ማለት ሰሙንም ወርቁንም አንድ ላይ የተሸከመው ቃል ነው። በአንዱ ሉሄ ላይ ያለውን እነሆ፦

ሠዓሊው ታመመ፣ አልተኛም ሌሊቱን፤
ሲስል አደረና ቀሰቀሰ ቤቱን። (3)

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ስንኞቹ ስንት ታሪክ እንደያዙ ይጠይቁ፤ እዚህ ሥዕልና ሕመም አለ። ቀጥሎ ለሁለቱም ታሪክ እኩል የሚያገለግለውን ቃል ይፈልጉ። «ታመመ» ለሕመሙ ብቻ ነው፣ «ሠዓሊው» ለሥዕሉ ብቻ ነው፤ «ሲስል» ግን በሳልም በሥዕልም ይሄዳል። ኅብር ብዙውን ጊዜ ግስ ሲሆን በሁለተኛው ስንኝ መግቢያ ላይ መቀመጥ ይወዳል። ሥዕሉ በጥንቃቄ ሲጻፍ በሠ እንደሆነ አስተውለው ይሆናል፤ ደረጃ 1 ላይ ያጣሩት የሞክሼ ፊደል ሕግ እዚህ ላይ ነው የሚፈርደው።

ከልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት የሚወጡ ፍንጮችም አሉ። «የደረሰ አዝመራ ጅራቱ ግዕዝ ሲሆን የበዛብህን ልብ ወሰደ (3)» የሚለውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ያነበበ ሰው ወዲያው «ሰብለ» ይላል። ያላነበበውም ቢሆን ይደርስበታል፦ አዝመራ ሰብል ነው፣ ል ግዕዝ ሲሆን ለ ነው። ያልተነበበ መጽሐፍ እንቅፋት እንደማይሆን ይወቁ፤ ግንባታው ከፍቺው ነጻ ሆኖ የተሠራው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ «ልብ» የፊደል ቦታ ሳይሆን የፍቺው አካል መሆኑንም ልብ ይሏል፤ ጅራት አስቀድሞ ታዝዟልና።

በተለይ «ራስ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ይያዙት። የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ «ራሱ» ሲሆን እሱው ማለት ነው፤ ማዕረግም ነው። ሐረር ላይ ራስ መኮንን የሚለው ስም በየፍንጩ ስለሚገባ «የራስ መኮንን ራስ» ሲል መ ይሁን ራ ወዲያው አይወስኑ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፉና ማቋረጫው ይምረጥ።

ደረጃ 8፦ ከመጻፍዎ በፊት እያንዳንዱን ቃል ሥራውን ይጠይቁት

መልስ አገኘሁ ሲሉ ወደ ፍንጩ ይመለሱና ቃላቱን አንድ በአንድ ያስምሩባቸው፦ ይህ ፍቺ ነው፣ ይህ ጥሬ ዕቃ ነው፣ ይህ ጠቋሚ ነው፣ ይህ ማያያዣ ነው። ሥራ ያልያዘ ቃል ከተረፈ መልሱ በአብዛኛው ስሕተት ነው። «የረዳት ራስ ሐር ውስጥ ሲጠቀለል…» ላይ «ሐረር» ብሎ በፍቺው ብቻ የደረሰበት ሰው ትክክል ነው፤ ነገር ግን «የረዳት ራስ» ለምን እንዳስፈለገ ካላወቀ ቀጣዩን ማስገባት ሲያገኝ አይለየውም።

እጅግ የተለመደው ስሕተት የሚመጣው እዚህ ነው። ሰው ፍቺውን ያያል፣ የሚስማማ ቃል ይመጣለታል፣ የሳጥኑ ብዛትም ልክ ይሆናል፤ ግንባታውን ሳይፈትሽ ይጽፋል። «ለበሰ ሲታመስ ከእሳት ወረደ (3)» ላይ «ጀበና» የጻፈ ተማሪ አይቻለሁ፤ ጀበና ሦስት ሳጥን ነው፣ ከእሳትም ይወርዳል። ነገር ግን ከ«ለበሰ» ሦስት ፊደላት በውስጡ ያለው በ ብቻ ነው። መልሱ «በሰለ» ነው።

አንድ ፍንጭ ላይ ከሃያ ደቂቃ በላይ ከቆዩ ይተዉትና ወደ ሌላ ጥግ ይሂዱ። በቀትር ሙቀት ሉሁን አጥፈው በልብስ ኪስ ይያዙት፤ ማታ ንፋሱ ሲነሣ ሲገልጡት ሰሙ ከአእምሮ ስለሚጠፋ ቃላቱ ለየብቻቸው ይታያሉ።

ሁሉም ሳጥን ሲሞላ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ግንባታውን በአጭሩ ይጻፉ፦ «ብር፣ ተገልብጦ»፤ «ጀ እና ጎል»፤ «ሰላም ያለ ሰ»። መጻፍ ያልቻሉበት ቁጥር ካለ፣ መልሱ ትክክል እንደሆነ ቢያምኑም፣ በእርሳስ ክብ ያድርጉበት። ቅዳሜ ሉሁን ይዘው ሲመጡ ከዚያ ክብ እንጀምራለን።